የሁለት ደቂቃ ናፍጣ

እኛ ባለመኪኖች ሾፌሩን «ቆመህ ናፍጣ አትፍጅ፣ አጥፋው!» ማለት እንወዳለን። ተሳስተናል። ከመተማ ጭኖ የጎንደርን ዳገት የወጣ አይሱዙ፣ ቱርቦው በጭሱ ግፊት በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊሽከረከር ይችላል። ዘንጉን ከመፋጨት የሚያድነውም ሙቀቱን የሚወስድለትም ዘይት ነው። ሞተሩ ሲጠፋ የዘይት ፓምፑም አብሮ ይቆማል፤ ግሎ በቆየው ቱርቦ ውስጥ የቀረው ዘይት ያርራል፣ ውሎ አድሮ የዘይቱን መንገድ ይደፍናል፣ ዘንጉም ይበላል።

ስለዚህ ዳገት ጨርሶ ወዲያው የቆመ መኪና ሁለት ሦስት ደቂቃ በሚኒሞ ይሥራ። ኬላ ሰልፍ ላይ እየተንፏቀቀ የደረሰ ግን ቀድሞውንም በርዷል፣ ይጥፋ፤ እዚያ ላይስ እውነትም ብክነት ነው።

ቱርቦ ሲሄድ ከሾፌሩ ደሞዝ መቁረጣችንም ይቅር። አጥፋ ያልነው እኛ ነን።