መንደሩ ያው ነው፣ እኛ ግን ያው አይደለንም



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱን ዛሬ እዚሁ ልመልስ ነው። ጠያቂዋም ፈቅዳለች። የምትኖረው ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ነው። ከስምንት ዓመት በፊት የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እናቷ ሊያርሷት ከአዲስ አበባ ሄደው ነበር። በዚያው ግሪክ ውስጥ ስቱፓ የምትባል ትንሽ የባሕር ዳር መንደር ሄደው አንድ ሳምንት አብረው አረፉ። ከዚያ ወዲህ እማማ ስልክ በተደወለ ቁጥር "ያቺ ባሕር እንዴት ናት?" ይላሉ አሉ። አሁን ልጆቹ ሁለት ሆነዋል። እማማ 70 ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ ስኳርና ደም ግፊትም አለባቸው። ጥያቄዋ አጭር ነው፦ "ዶክተር፣ በኦገስት ልንመለስ አስበናል። እማዬን ይዘናት ብንሄድ ችግር አለው?"

የኔም መልስ አጭር ነው፦ ይዛችኋቸው ሂዱ። በኦገስት ግን አይሁን።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ላስረዳ። አውሮፓ ላሉት ብቻ አይደለም የምጽፈው፤ እናታቸውን ከዚህ ለሚሸኙትም ጭምር ነው። መድኃኒቱን የምትገዙት፣ ክሊኒክ የምትወስዷቸው እናንተ ናችሁና።

አዲስ አገር ስንሄድ ሁላችንም እንጠነቀቃለን። ሆስፒታሉ የት ነው፣ ውሃው ይጠጣል ወይ፣ ሙቀቱ እንዴት ነው ብለን እንጠይቃለን። ወደምናውቀውና ወደምንወደው ቦታ ስንመለስ ግን አንጠይቅም። "ባክህ እናውቀዋለን!" እንላለን። ያኔ ጉዞውን የሚያቅድልን ስልካችን ላይ ያለው የድሮ ፎቶ ነው። ፎቶው ላይ ያሉት እማማ 61 ዓመታቸው ነው፣ ዳገቱን በእግራቸው ይወጣሉ፣ የሚወስዱት መድኃኒት የለም። ፎቶው ላይ ያለችው ሕፃን ታዝላ ነው የምትውለው፤ ዛሬ ግን ሮጣ ውሃ ውስጥ የምትገባ የስምንት ዓመት ልጅ ናት። የማምነው ይህንን ነው፦ የምንወደው ቦታ ስንመለስ ዕቅዱ መጀመር ያለበት ከፎቶው ሳይሆን፣ ዛሬ በቤቱ ውስጥ ሰውነቱ ከሁሉም ደከም ካለው ሰው ነው።

እስቲ መጀመሪያ መንደሯን እንያት። ስቱፓ ደቡብ ግሪክ፣ ፔሎፖኔዝ ውስጥ፣ ማኒ በሚባለው አካባቢ፣ በታይጌቶስ ተራራ ሥር ናት። ደራሲው ኒኮስ ካዛንዛኪስ እ.ኤ.አ. በ1917 ከዮርጊስ ዞርባስ ጋር የድንጋይ ከሰል ሲያወጣ የነበረው እዚያው አካባቢ ነው፤ የታወቀው "ዞርባ" የተቀዳው ከዚህ ሰው ነው። የባሕሩ ዳርቻ አሸዋ ነው፣ ጥልቀቱም ቀስ እያለ ነው የሚጨምረው። ቤተሰቦች ደጋግመው የሚመለሱባት ለዚህ ነው። በሐኪም ዓይን ሲታይ ግን ሌላም ነገር አለ። ትልቁ ሆስፒታል ያለው ካላማታ ከተማ ነው፤ ርቀቱ ወደ 45 ኪሎ ሜትር፣ መንገዱ ተራራውን እየተጠማዘዘ የሚሄድ። አንድ ሰዓት ያህል በሉት። ከስምንት ዓመት በፊት ይህ ርቀት ምንም አልነበረም። የስኳር ሕመምተኛ ይዞ ለሚሄድ ግን ቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር ነው።

1. ወሩን መምረጥ ራሱ ሕክምና ነው

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በነሐሴ ዝናብ ነው፣ ቀኑ 20 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ እማማ ጋቢ ደርበው ነው የሚውሉት። በዚያው ወር ደቡብ ግሪክ በደህናው ቀን ከ30 ዲግሪ በላይ ነው፤ የሙቀት ማዕበል ሲመጣ ደግሞ 40 ያልፋል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 የአቴንስ አክሮፖሊስ በሙቀቱ ምክንያት እኩለ ቀን ላይ እስከመዘጋት ደርሶ ነበር። ሰውነት ከእንዲህ ያለ ሙቀት ጋር ለመላመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። የእናንተ ዕረፍት ግን ጠቅላላው አንድ ሳምንት ነው። እማማ መላመድ ሲጀምሩ እናንተ ሻንጣ ትዘጋላችሁ ማለት ነው።

ሙቀት አዋቂ ነኝ የሚለውንም አያልፍም። በቴሌቪዥን ለሚሊዮኖች የጤና ምክር ይሰጥ የነበረው እንግሊዛዊው ዶክተር ማይክል ሞስሊ፣ እ.ኤ.አ. በጁን 2024 በግሪኳ ሲሚ ደሴት ቀን በጠራራ ፀሐይ ብቻውን በእግሩ ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ፤ ከቀናት በኋላ ሕይወቱ አልፎ ተገኘ። የሞቱ ምክንያት በእርግጠኝነት ሊረጋገጥ አልቻለም፤ መርማሪው በዋናነት ካነሷቸው ሁለት ግምቶች አንዱ ግን የሙቀት ምት ነው። 67 ዓመቱ ነበር።

ስለዚህ የኔ ምክር የሴፕቴምበር መጀመሪያ ነው። በጋውን ሙሉ ሲሞቅ የከረመው ባሕር ገና ሞቃት ነው፣ አየሩ ግን በርዷል፣ የኦገስቱ ሰውም ሄዷል። ሽቱትጋርት ያለበት ክልል ትምህርት ቤቶች የሚከፈቱት በአብዛኛው በሴፕቴምበር አጋማሽ አካባቢ ስለሆነ ልጆቹም አይቀሩም። እኛ ጋ ጳጉሜ ነው። ጳጉሜ 3 ሩፋኤልን ባሕር ዳር ሆነው የሚያከብሩ እማማ በእግራቸው ውሃ ነክተው "ጸበል ነው" ቢሉ አትገረሙ።

2. ጾሙን አብራችሁ አስቡት

ይህንን የአውሮፓ የጉዞ መጽሐፍ አይነግራችሁም። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 16 ነው፣ ማለትም ከኦገስት 7 እስከ 22። እማማ ፍልሰታን ይተዋሉ ብላችሁ የምታስቡ ከሆነ እናታችሁን አታውቋቸውም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምሱ፣ ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት ወስደው፣ በ36 ዲግሪ ጥላ ሥር ቁጭ ማለት ማለት ስኳራቸው ድንገት እንዲወርድ በር መክፈት ነው። "ጾሙን ተዪ" እያሉ መጨቃጨቅ ደግሞ ለማንም አይጠቅምም። ወሩን ብትቀይሩት ጭቅጭቁም አብሮ ይቀራል። በጁን እንሂድ ካላችሁም የሐዋርያት ጾም መኖሩን አትርሱ። እንደምንም በጾም ወቅት ከሆነ፣ ከመሄዳቸው በፊት ከሐኪማቸውም ከንስሐ አባታቸውም ጋር ይነጋገሩ።

ምግቡ አያሳስባችሁ። ግሪኮችም ኦርቶዶክስ ስለሆኑ የጾም ምግብ ያውቃሉ፤ ባቄላው፣ ክኩ፣ የተቀቀለው ቅጠል ሞልቷል። ኦክቶፐስና ስኩዊድ እነሱ ዘንድ የጾም ምግብ ነው። እማማ ግን ሳህኑን አይተው ምን እንደሚሉ ለእናንተው እተዋለሁ።

3. መድኃኒቱም ሙቀት አይወድም

አገራችን ውስጥ ለደም ግፊት በብዛት ከሚታዘዙት አንዱ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው፤ ሽንት የሚያሸና መድኃኒት ነው። ሙቀት ላይ ላቡም ሽንቱም ተደምሮ ሰውነት ይደርቃል፣ ሲነሱ ያዞራቸዋል፣ ይወድቃሉ። እንደ ኢናላፕሪል ያሉትም ከድርቀት ጋር ሲገናኙ ኩላሊትን ያስቸግራሉ። አምሎዲፒን የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ ሙቀት ላይ እግራቸው ሊያብጥ ይችላል። ይህን አንብባችሁ መድኃኒት እንዳታቆሙ! የምለው ከጉዞው አንድ ወር በፊት ሐኪማቸው ይያቸው፣ የደም ግፊት፣ የስኳርና የኩላሊት ምርመራ ይደረግ፣ ማስተካከያ ካስፈለገ እሱ ያስተካክል ነው።

ኢንሱሊን ከሆነ በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚሄደው። ወደታች በሚጫነው ሻንጣ ሊቀዘቅዝና ሊበላሽ ይችላል። እዚያ ስትደርሱ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፣ ፍሪዘሩን ግን አይንካ። ባሕር ዳር ቦርሳ ውስጥ ወይም መኪና ውስጥ ጥላችሁት እንዳትውሉ። ሙቀት ላይ የተወጋ ኢንሱሊን ከወትሮው ፈጥኖ ወደ ደም ይገባል፤ ስለዚህ መለኪያዋን አብዝታችሁ ተጠቀሙ። "ሙቀቱ ነው ያዞረኝ" ሲሉ ስኳራቸው ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ሳትለኩ አትመኑ።

ሌላው እግራቸው ነው። ስኳር የቆየበት እግር ስሜቱ ስለሚቀንስ የጋለ አሸዋ ሲያቃጥለው ላይሰማው ይችላል። ውሃ ውስጥም ቢሆን ባዶ እግር የለም፤ የውሃ ጫማ ግዙላቸው። ማታ ማታ እግራቸውን አይታችሁ ተኙ።

ውሃ ሳይጠማቸውም በትንሽ በትንሹ ይጠጡ፤ ዕድሜ ሲገፋ የጥም ስሜት ይደክማል። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ችግር ካለባቸው ግን መጠኑን ሐኪማቸው ነው የሚወስነው። ከአምስት እስከ አስራ አንድ ሰዓት ቀን ላይ ቤት ውስጥ ይረፉ፤ ክፍሉም ምድር ቤትና አየር ማቀዝቀዣ ያለው ይሁን። በሙቀት ላይ ግራ መጋባትና መቀባዠር ከመጣ፣ ሰውነት ካተኮሰ፣ የሙቀት ምት ሊሆን ይችላል፦ ወደ ጥላ ማስገባት፣ ውሃ እያፈሰሱ ማራገብ፣ አምቡላንስ መጥራት። ራሱን ላላወቀ ሰው በአፍ ምንም አትስጡ። ግሪክ ውስጥ 112 ወይም የአምቡላንሱ 166 ነው።

4. ልጆቹን ማን ያያቸዋል?

አንድ ሐቅ እንነጋገር። አብዛኞቻችን ከተማ ያደግን ሰዎች ዋና አንችልም። አውሮፓ ያደጉት ልጆቻችን ትምህርት ቤት ይማራሉ፣ እኛ ደግሞ እስከ ደረታችን ገብተን ፎቶ እንነሳለን። የሚሰጥም ልጅ አይጮኽም፤ ዝም ብሎ ነው የሚወርደው። "ሁላችንም እያየነው ነበር" ከተባለ ብዙ ጊዜ ማንም አላየውም ማለት ነው። ስለዚህ ተራ ግቡ፦ ለሃያ ደቂቃ አንድ አዋቂ፣ ስልኩን አስቀምጦ፣ ውሃውን ብቻ የሚያይ። ክንድ ላይ የሚነፋው ፕላስቲክ መጫወቻ ነው እንጂ መከላከያ አይደለም። ስቱፓ አካባቢ ከባሕሩ ሥር ቀዝቃዛ የምንጭ ውሃ ስለሚፈልቅ የውሃው ቅዝቃዜ ድንገት ይለያያል፤ ልጆቹ እንዳይደነግጡ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ዋና የማይችል አባት ልጁን ሊያድን ዘሎ አይግባ፤ የሚንሳፈፍ ነገር ይወርውር፣ ሰው ይጥራ።

5. ወረቀቱ

የእናንተና የልጆቹ የጀርመን ኢንሹራንስ ካርድ ጀርባው ብዙውን ጊዜ የአውሮፓ የጤና ካርድ ነው፤ ግሪክ ውስጥ በመንግሥት ሆስፒታል ያገለግላል፣ በግል ክሊኒክ ግን አያገለግልም። እማማን ይህ ካርድ አይመለከታቸውም። ለሼንገን ቪዛ የሚገዛላቸው ኢንሹራንስ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። ብዙ ሰው ለኤምባሲ ብሎ ርካሹን ይገዛና አያነበውም። አንብቡት! ነባር ሕመምን ማለትም የስኳሩንና የግፊቱን ድንገተኛ ችግር ይሸፍናል ወይ? ካልሸፈነ የሚሸፍን ፈልጉ። የመድኃኒቶቻቸውን ሳይንሳዊ ስምና መጠን በእንግሊዝኛ አስጽፋችሁ አንዱን ኮፒ በእማማ ቦርሳ፣ ሌላውን ስልካችሁ ላይ አድርጉ።

አሁን አንዳንዶቻችሁ "ዶክተር፣ ይህ ሁሉ ጣጣ ካለው እቤታቸው ቢቀመጡ አይሻልም?" እንደምትሉ አውቃለሁ። ብዙ ቤተሰብም እንደዚያ ነው የሚወስነው፤ "ትደክማለች" ተብሎ እናት ትቀራለች፣ ከዚያ ቪዲዮ ይላክላታል። እኔ አልስማማም። ስኳርና ግፊት ያለበት ሰው ተጓዥ መሆን አይችልም የሚል የሕክምና ሕግ የለም። ቁጥሩ ከተስተካከለ፣ ወሩ ከተመረጠ፣ መድኃኒቱ ከተያዘ ይሄዳል። ስምንት ዓመት ስለ አንዲት ባሕር የጠየቁ እናት ጥያቄያቸው የጉዞ ብቻ አይደለም፤ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የሚያሳልፉት ጊዜ ጥያቄም ነው። ዋጋ የሚያስከፍለው የትኬቱን ቀን በሦስት ሳምንት መግፋትና አንድ የሐኪም ቀጠሮ ከሆነ፣ ብዙ አይደለም።

እህቴ፣ ትኬቱን ከመቁረጥሽ በፊት ወንድምሽ እዚህ እማማን ለምርመራ ይውሰዳቸው። ውጤቱን ካየሽ በኋላ ቀኑን ወስኚ። ለእማማም ሰላምታ አቅርቢልኝ።

ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ጉዞ ያሰባችሁ ጥያቄያችሁን ከታች ጻፉልኝ። ለሚጠቅመው ሰው ሼር አድርጉት። ይህ ጽሑፍ ጠቅላላ ምክር ነው፤ የእናታችሁን ሁኔታ የሚያውቀው የሚከታተላቸው ሐኪም ነው።