እጅ ሲሠራ ጆሮም ይማር

ውድ እህቴ፣ «የማነብበት ጊዜ የለኝም» ብለሽ ታውቂያለሽ? እኔ ብዙ ጊዜ ብያለሁ። ልብስ ሳጥብ፣ ሽንኩርት ስከትፍ፣ ታክሲ ስጠብቅ የሚያልፈውን ሰዓት ግን ቆጥሬው አላውቅም ነበር። እጄ ሥራ ቢይዝም ጆሮዬ ነፃ ነበር።

ፖድካስት የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው። ስሙ እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣ ላይ የወጣ ሲሆን፣ እንደ ሬዲዮ ሰዓቱ ካለፈ አምልጦሽ አይቀርም። ዝግጅቱን ስልክሽ ላይ ካወረድሽው ያለ ኢንተርኔት ታዳምጪዋለሽ፤ ያልገባሽን መልሰሽ ትሰሚዋለሽ። በ64 ኪሎቢት የተቀዳ የ30 ደቂቃ ድምፅ 15 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም።

ወንድሜ፣ አንተስ የልብስ ስፌት ቤት አለህ? ለመጀመር ስልክህና ጸጥ ያለ ክፍል ይበቁሃል። ዋጋህን ብቻ አታውራ፤ ጨርቅ እንዴት እንደሚመረጥ፣ ቀለም የሚለቀው በምን እንደሚታወቅ አስተምር። ደንበኛ ሳይከፍል ያስተማረውን ሰው ገንዘብ ሲይዝ ያስታውሰዋል። ረጅም ጀምሮ ከማቋረጥ፣ በየሳምንቱ 10 ደቂቃ ሳያጓድሉ ማቅረብ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። አንድ ምሽት ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ጠርቶኝ አልሰማሁትም፤ ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ነበር። ሦስተኛ አልጠራኝም። ዝምታው ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ። ከዚያ ወዲህ እራት ላይ ማዳመጫ አይቀርብም፤ ቀን የሰማነውን ግን ለሁለት እንጨዋወትበታለን።

ጆሯችንን ለትምህርት ስንከፍት ለቤታችን አንዝጋው።