የሰዓቱ ምስክርነት

የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ሕክምና ሲጽፍ የሚያይ የሕክምና ፋኩልቲ ወንድማችን «ይህ ደግሞ ከማያገባው ገባ» ማለቱ አይቀርም። ይበል። እኔ ግን የምጽፈው ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ ምስክርነት ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው «አሞኛል» ሲል ማን ያምነዋል ስለሚለው ነገር ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት የክፍል ጓደኛችን እጇ እየተንቀጠቀጠ ብዕር መያዝ አቃታት። በምግብ ቤት ከሁላችን በላይ ትበላለች፤ ቀሚሷ ግን በየሳምንቱ ይሰፋታል። እኛ በብርድ ተጠቅልለን ስንተኛ እርሷ ብርድ ልብሱን ገፍፋ በላብ ታድራለች። ምን ያልተባለ ነገር አለ! ወንዶቹ «ፍቅር ይዟታል» አሉ፤ የመኝታ ክፍል ጓደኞቿ «ፈተና ፈርታ ነው» አሉ፤ እናቷ «ዓይን ነው» ብለው ጠበል ወሰዷት። በመጨረሻ ክሊኒክ ሄደች፤ እዚያም «ጭንቀት ነው፤ ቡና ቀንሺ፤ ዕረፊ» ተብላ ተመለሰች። ይህም በካርዷ ላይ ተጻፈ።

አክስቷ ከውጭ አገር የላኩላት፣ የልብ ትርታ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ነበራት። ዓመቱ ሲጀመር ተኝታ ሳለች ትርታዋ በደቂቃ 62 እና 64 ነበር። ከሦስት ወር በኋላ፣ ያውም በከባድ እንቅልፍ ውስጥ፣ 94 እና 96 ሆነ። የየሌሊቱን ቁጥር በአንድ ሉክ ወረቀት ገልብጣ ለሌላ ሐኪም ሰጠችው። ሐኪሙ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበ፤ ከዚያም ተነሥቶ አንገቷን ዳሰሰና ደም እንድትመረመር አዘዘ። የታይሮይድ ዕጢዋ ከልኩ በላይ ይሠራ ኖሯል።

ይህ ዕጢ በአንገታችን ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት በታች፣ ቢራቢሮ መስሎ ተቀምጧል። የሚያመነጨው ሆርሞን የሰውነታችንን የሥራ ፍጥነት ይወስናል። ሲበዛ ሰውነት እንደ ነደደ ምድጃ የበላውን ሁሉ ይፈጃል፤ ልብም ትቸኩላለች። ሳይታከም ከቆየ የልብ ምት ሥርዓት ይፋለሳል፤ አጥንትም ይሳሳል። እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። የተጨነቀ ሰው ልብ ቀን ይሮጣል፤ እንቅልፍ ሲወስደው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጋብ ይላል። ሆርሞኑ የሚያስሮጠው ልብ ግን ባለቤቱ ተኝቶም አይተኛም። እንግዲህ «ጭንቀት ነው» ለሚለው ፍርድ የሌሊቱ ቁጥር የተቃውሞ ምስክር ነው ማለት ነው።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ። የአየርላንዱ ሐኪም ሮበርት ግሬቭስ እ.ኤ.አ. በ1835፣ ጀርመናዊው ካርል ፎን ባዜዶ በ1840 ይህን በሽታ ሲገልጹ የልብ መምታት ከዋና ዋናዎቹ ምልክቶች አንዱ ነበር። ትርታን በሰዓት መቁጠርማ ከዚያም ይቀድማል፤ እንግሊዛዊው ጆን ፍሎየር ስለ ሐኪም የትርታ ሰዓት መጽሐፍ ያሳተመው በ1707 ነው። አዲሱ ነገር ሌሊቱን ሙሉ የሚቆጥር መገኘቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የደቡብ ኮርያ ሐኪሞች 30 ሕመምተኞችና 10 ጤነኞች እንዲህ ያለ መቁጠሪያ አሥረው እንዲቆዩ አድርገው ነበር፤ ሕመምተኞቹ ታክመው ሆርሞኑ ሲቀንስ የዕረፍት ትርታቸውም አብሮ ቀነሰ። አርባ ሰው ጥቂት ነው። ቢሆንም መንገዱን ያሳያል።

ምስክር ግን ዳኛ አይደለም። ትኩሳት፣ ደም ማነስ፣ እርግዝና፣ ጫት፣ እነዚህ ሁሉ ትርታን ያፈጥናሉ። ሰዓቱ ዕጢውን አያይም፤ የሚያየው በቆዳ ሥር የሚያልፈውን ደም በአረንጓዴ ብርሃን ነው፤ ማሠሪያው ከላላ ወይም እጁ ላይ ንቅሳት ካለ ይሳሳታል። ቁጥሩ ደኅና ስለሆነም በሽታ የለም አይባልም። ከእኛ መካከል ይህን ታሪክ ከሰሙ ወዲህ በየአምስት ደቂቃው እጃቸውን የሚመለከቱ አሉ፤ እነርሱን የሚያስሮጣቸው ራሱ ሰዓቱ ይመስለኛል።

«ሰዓቱ የሀብታም ጌጥ ነው» የሚለኝም አለ። እውነቱን ነው፤ ከአብዛኞቻችን ኪስ በላይ ነው። ነገር ግን ሁለት ጣትና የግድግዳ ሰዓት ለማንም አይጠፋም። ጧት ከአልጋ ሳይነሡ፣ ቡና ሳይቀመስ፣ ከአውራ ጣት በታች ያለውን ትርታ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጥሮ ለሁለት ሳምንት መጻፍ ነው። የእንቅልፉን ያህል ባይሆንም ከቀኑ ግርግር ይሻላል።

በአገራችንም ጉዳዩ የቅንጦት አይደለም። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እያልን ያደግን ነን። አብዛኛው እንቅርት የአዮዲን እጥረት እንጂ የዕጢው መፍጠን አይደለም፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2011 ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ደንብ መውጣቱ ትልቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ለዘመናት አዮዲን የተራበ አሮጌ እንቅርት በድንገት ሲያገኝ አንዳንዴ ከልኩ በላይ መሥራት ይጀምራል። በ1990ዎቹ በዚምባብዌ የታየው ይኸው ነው። ስለዚህ ጨዉን እንተው አልልም፤ ሐኪሞቻችን ይህን ያስቡ እላለሁ እንጂ።

በሽታው ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን በብዙ እጥፍ ይይዛል። «ጭንቀት ነው» ተብሎ ከክሊኒክ የሚመለሰውስ ማን ነው? እኅቶቻችንን ጠይቁ። ነገ ሐኪም የምትሆኑ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ አንዲት ተማሪ ቁጥር የሞላበት ወረቀት ይዛ ስትመጣ «ይህን ማን አስተማረሽ» ብላችሁ አትሣቁ። ወረቀቱን አንብቡት፤ አንገቷን ዳስሱ፤ ደሟን አስመርምሩ። የተማሪዎች ማኅበራችንም ይህ ምርመራ ለተማሪ በነጻ እንዲሰጥ ቢጠይቅ ከብዙ የጭፈራ ምሽት ይበልጣል።

ጓደኛችን ዛሬ ኪኒኗን ትውጣለች፤ ትናንት ሌሊት 66 ነበር ብላኛለች። በመጀመሪያው ክሊኒክ ካርዷ ላይ የተጻፈው «ጭንቀት» ግን እስካሁን አልተሠረዘም።