የምልክት ቋንቋ ያልቀደመበት የጎልማሶች የእንግሊዝኛ ትምህርት ግቡን አይመታም

መስማት የተሳነው ባለጉዳይ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሲቀርብ ብዙ ጊዜ ወረቀትና እስክሪብቶ ይሰጠዋል። ይህ በቅንነት የሚደረግ ቢሆንም ባለጉዳዩ ማንበብና መጻፍ ይችላል ከሚል ግምት የመነጨ ነው። በልጅነታቸው የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ መምህር ሳያገኙ ላደጉ ወገኖች ግን ወረቀቱ መፍትሔ አይሆንም።

ችግሩ በእንግሊዝኛ ይበልጥ ይጎላል። እንግሊዝኛ በአገራችን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን፣ በመድኃኒት ማሸጊያና በማሽን ማስጠንቀቂያ ላይም ይገኛል። በመሆኑም ቋንቋውን ከመሠረቱ ማንበብ መቻል ለጎልማሳው የእንጀራና የደኅንነት ጉዳይ ነው።

የሚሰማ ጎልማሳ ፊደል ሲቆጥር በአፉ የሚያውቀውን ድምፅ ከጽሑፉ ጋር ያገናኛል። ከልደቱ ጀምሮ መስማት ለተሳነው ሰው ይህ መንገድ ዝግ በመሆኑ «ኤ፣ ቢ፣ ሲ»ን በቃል ማስደገም ፋይዳ የለውም። ተገቢው ቅደም ተከተል ዕቃውን ወይም ሥዕሉን ማሳየት፣ ምልክቱን ማስከተል፣ ቃሉን በጣት ፊደል መጻፍ፣ በመጨረሻም የታተመውን ቃል ማስነበብ ነው። ትምህርቱ «ኔም»ን እና «አድሬስ»ን ከመሳሰሉ የቅጽ ቃላት ቢጀምር ተማሪው በማግስቱ ይጠቀምበታል። እንደ «ኢዝ» እና «ዘ» ያሉ ቃላት ደግሞ ለብቻቸው በሥዕል ስለማይገለጹ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መቅረብ አለባቸው።

የአማርኛን የጣት ፊደል የሚያውቅ ተማሪ ከባዶ አይነሳም። በአማርኛው ሰባቱ የፊደል ዘሮች በእጅ እንቅስቃሴ ይለያሉ፤ የእንግሊዝኛው ግን አናባቢዎችን ራሳቸውን በቻሉ የጣት ቅርጾች ያሳያል። መምህሩ ሁለቱንም ሥርዓት ሊያውቅ የሚገባው ለዚህ ነው። ከቤተሰባቸው ጋር በልማዳዊ ምልክት ብቻ ሲግባቡ የኖሩ ጎልማሶች አስቀድመው የምልክት ቋንቋ መማር ይኖርባቸዋል። በከፊል ለሚሰሙት ደግሞ በቂ ብርሃን ያለውና የመምህሩ ፊት በግልጽ የሚታይበት ክፍል ያስፈልጋል።

የሕግ መሠረቱ ተጥሏል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ የሚውል ሀብት እንዲመድብ ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት አንቀጽ 24ም የጎልማሶች ትምህርት ያለ አድልዎና ከተመጣጣኝ ማመቻቸት ጋር እንዲሰጥ፣ የምልክት ቋንቋ የሚችሉ መምህራንም እንዲቀጠሩ ያዛል።

የሚቀረው አፈጻጸሙ ነው። የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የጎልማሶች ትምህርት ዕቅድ ሲያወጡ መስማት የተሳናቸውን ነዋሪዎች ለይተው ሊመዘግቡና የምልክት ቋንቋ አስተማሪ የሚቀጠርበትን በጀት ሊይዙ ይገባል። መስማት የተሳናቸውና የተማሩ ዜጎች ለዚህ ሥራ ቀዳሚ ዕጩዎች ናቸው። አፈጻጸሙም መመዘን ያለበት በተመዘገበው ተማሪ ቁጥር ሳይሆን፣ ቅጹን ያለ ረዳት ሞልቶ በሚመልሰው ጎልማሳ ቁጥር ነው።