የበጋው ውሃ የት ሄደ?

ከጮቄ ተራራ የሚነሣው የጨሞጋ ወንዝ በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ አልፎ ወደ ዓባይ ይወርዳል። በ1997 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ወንዙ በ1952 ዓ.ም. በበጋ እጅግ ባነሰበት ቀን በሴኮንድ 600 ሊትር ገደማ ይፈስ ነበር፤ በ1991 ዓ.ም. ግን ወደ 100 ሊትር ገደማ ዝቅ ብሏል። በዚሁ ዘመን የክረምቱም ሆነ የበጋው ዝናብ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። እንግዲህ ጥፋቱን ሁሉ በሰማይ ማላከክ አይቻልም። በምክንያትነት የተጠቀሱት የተፈጥሮ ዕፀዋት መመናመን፣ የእርሻ መስፋፋት፣ ልቅ ግጦሽና የባሕር ዛፍ መብዛት ናቸው።

በማሳ ላይ የወረደ ዝናብ ከፊሉ በጎርፍ ይሄዳል፤ ከፊሉ ከተራቆተ አፈር ይተናል፤ ከፊሉ በሥር ተስቦ በቅጠል ይወጣል፤ የቀረው ሰርጎ ምንጭ ይሆናል። እህል፣ ሣርና እንጨት የሚያፈራው በተክል ውስጥ ያለፈው ብቻ ነው። ፀሐይና ነፋስ በበረቱ፣ አየሩም በደረቀ መጠን አንድ ኩንታል ጤፍ ለማምረት የሚያስፈልገው ውሃ ይጨምራል። አየሩን መለወጥ የገበሬው ፈንታ አይደለም፤ መሬቱን በዕፀዋት ማልበስ ግን በእጁ ነው።

የባሕር ዛፍ ክርክርም በዚሁ ዓይን መታየት ይኖርበታል። ባሕር ዛፍ ለጠጣው ውሃ ብዙ እንጨት ይሰጣል፤ የቤት መሥሪያ፣ ማገዶና የገበያ ገንዘብም ስለሆነ ገበሬው ቢተክለው አይፈረድበትም። ነገር ግን በጋ ከክረምት ለምልሞ ሥሩን አጥልቆ ስለሚጠጣ፣ በምንጭ ራስ ላይ ሲተከል የአንዱ ትርፍ የመንደሩ ሁሉ ጥማት ይሆናል።

የሚያበረታታ አብነትም አለ። በደምበጫ አካባቢ በሚገኘው አንጀኒ በ1976 ዓ.ም. የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ፣ በ1978 ዓ.ም. በማሳዎቹ ላይ እርከን ተሠርቷል። እርከኖቹም ከዓመት ዓመት አፈር እየያዙ ቁልቁለቱን ወደ ደልዳላነት ለውጠውታል።

በመሆኑም የማኅበራት መሪዎች ከቀበሌያቸው ጋር ተመካክረው ከመጪው ክረምት በፊት ምንጮችንና ረግረግ ቦታዎችን ለይተው ሊከልሉ፣ ባሕር ዛፍ ከምንጭ የሚርቅበትንም ልክ በአባላት ስብሰባ ሊያስወስኑ ይገባል። ዛፉን የሚያነሣው ገበሬ ብቻውን እንዳይጎዳም ከምንጭ የራቀ መትከያ ይታሰብለት። በእርከኑ ላይ ሣር ይተከል፤ ከብቱም ታጭዶ ይቅረብለት። ዛሬ በስብሰባ ያልተወሰነ ነገር ነገ በደረቀ ምንጭ ዳር ጠብ ይሆናል።