ጧሪውን ማን ይጠይቀው?



በቤታቸው ስለሚጦሩ አረጋውያን ያለኝን አሳብ ከዚህ በታች ጽፌ ልኬአለሁና፣ በአንባብያን ዓምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እንደሚታወቀው በአገራችን ልጅ ወላጁን መጦር የቆየ ልማድ ብቻ ሳይሆን ሕግም ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ በ1992 ዓ.ም. የታወጀው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በወላጅና በተወላጅ መካከል ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለ ደንግገዋል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን ድጋፍ ሀብት እንዲመድብ ያዛል። ስለዚህ ሽማግሌና አሮጊት ይጦሩ ወይስ አይጦሩ የሚል ክርክር የለንም። እኔ ልናገርበት የፈለግሁት ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም በቤቱ ተኝቶ የሚጦር ሰው በእርግጥ መጦሩን ገብቶ የሚያይ ማነው? የሚል ነው።

ነገሩን በቅርብ የማየው በሐረሪ ክልል በድሬ ጠያራ ወረዳ ነው። ድሬ ጠያራ፣ ከሶፊና ከኤረር ጋር፣ ከክልሉ 9 ወረዳዎች መካከል ገጠር ከሆኑት ከሦስቱ አንዱ ነው። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ሐረር፣ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ጅጅጋ፣ አልፎም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ሽማግሌዎቹ ግን ከማሳቸውና ከቤታቸው አይነቀሉም። ደመወዝ ያለው ልጅ ወር በመጣ ቁጥር ገንዘብ ይልካል፤ አንዲት የዘመድ ልጅ ወይም በደመወዝ የምታድር ሴት ያስቀምጣል፤ ከዚያም ወላጆቹ እንደተጦሩ ቈጥሮ ያርፋል።

በዚያ ወረዳ የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። ልጃቸው በሌላ ከተማ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ገንዘቡንም ሳያጓድል ይልካል። የምትጠብቃቸውም ሴት ክፉ ሰው አይደለችም። ሽማግሌው ግን ከአልጋ ከዋሉ ወዲህ በአንድ ጎናቸው ብቻ እየተኙ ዳሌያቸው ቆሰለ። የደም ግፊት መድኃኒታቸው አልቆ ሳምንታት አለፉ። ለሽንት መነሣት ስለሚያስቸግራቸው ውኃ መጠጣት ቀንሰው ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን ጠያቂ አልጠፋም። ጎረቤቱም፣ ዘመዱም፣ ለሥራ የሚያልፈውም ሰው ከደጃፍ ቆሞ «አባባ እንዴት ናቸው?» ብሎ ሴትዮዋን ይጠይቃል፤ እርስዋም «ደኅና ናቸው» ትላለች፤ እርሱም መንገዱን ይቀጥላል። ገብቶ ሽማግሌውን ራሳቸውን ያነጋገረ፣ ብርድ ልብሱንም የገለጠ አልነበረም። ቁስሉ የታወቀው ልጃቸው ለዒድ ሲመጣ ነው።

እዚህ ላይ ሴትዮዋን መውቀስ ቀላል ነው። ነገር ግን አልጋ ላይ የዋለ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ገደማ መገላበጥ እንዳለበት፣ ቁስሉም በዳሌ፣ ከወገብ በታችና በተረከዝ እንደሚጀምር ማን አስተማራት? ሌሊት የሚተካት ማነው? ደመወዝዋ ሲዘገይ ለማን ትናገራለች? ስለዚህ ቁጥጥር ማለት ጥፋተኛ ማደን አይደለም። ለተጧሪው ጠበቃ፣ ለምትጦረውም ሴት አስተማሪና ምስክር ማቆም ነው።

መንግሥት በየቤቱ የሚደርስበት መንገድ የለውም ማለት አይቻልም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በገጠር ቀበሌ ሁለት ሁለት ሴት ሠራተኞችን መድቦ ቤት ለቤት አስኬደ፤ ብዙ እናቶችንና ሕፃናትንም ረዳ። ሲጀመር ከተዘረዘሩት 16 ፓኬጆች መካከል ግን ለአረጋውያን ለብቻው የተመደበ አልነበረም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራምም መሥራት ለማይችሉ ሰዎች ቀጥታ ድጋፍ ሰጠ፤ በ2009 ዓ.ም. በከተሞች ሲጀመርም ሐረር ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች አንዷ ነበረች። ይህ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ገንዘቡን ሌላ ሰው ተወክሎ ሲቀበል፣ ፊርማው የሚያረጋግጠው ብሩ መከፈሉን እንጂ ሽማግሌው መብላታቸውን አይደለም።

ሌሎች አገሮች ይህን ለይተው አይተውታል። የጃፓን መንግሥት በ1992 ዓ.ም. የአረጋውያን እንክብካቤ መድን ሲያቋቁም፣ ዕቅድ የሚያወጣና አፈጻጸሙን በየወሩ የሚከታተል ሠራተኛ ለብቻው መደበ። መርዳትና እርዳታው መድረሱን ማየት ሁለት ሥራ መሆኑን ስለተረዱ ነው።

እኛ የጃፓን ሀብት የለንም፤ ሰው ግን አለን። በሐረር አፎቻና ዕድር ለሠርግና ለለቅሶ ምን ያህል ፈጥነው እንደሚደርሱ ለአንባብያን መንገር አያስፈልግም። ሰው ሲሞት በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚሰበሰብ ጉልበት፣ ያው ሰው በሕይወት ሳለ በሳምንት አንድ ጊዜ አልጋው ድረስ ቢገባ ምን ይጎዳል? ስለዚህ የሚመለከታቸው ክፍሎች ከአፎቻና ከዕድር መሪዎች ጋር ተመካክረው የሚከተለውን ቢያደርጉ መልካም ይመስለኛል።

አንደኛ፣ በየመንደሩ አንድ ጎብኚ ሰው ይሰየም። ይህ ሰው ገንዘብ ከሚቀበለውም፣ ከምትንከባከበውም ሴት የተለየ ይሁን፤ አሮጊት የሚጎበኝም ሴት ትሁን። አልጋ ላይ የዋሉት በሳምንት፣ የሚንቀሳቀሱት በወር አንድ ጊዜ ይጎብኙ፤ አንዳንድ ጊዜም ቀን ሳይነገር ይሂዱ።

ሁለተኛ፣ ጎብኚው አረጋዊውን ለብቻቸው ያነጋግር። ምግባቸውን፣ ውኃቸውን፣ መድኃኒታቸውን፣ ገላቸውንና አንሶላቸውን ይይ፤ ያየውንም በቤቱ በሚቀመጥ ደብተር ላይ ጽፎ ይፈርም። ሩቅ ያለው ልጅም በመጣ ጊዜ ያንብበው።

ሦስተኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለምትንከባከበው ሴት ስለ መገላበጥ፣ ስለ ማጠብና ስለ መድኃኒት ሰዓት ያስተምሩ፤ ቁስል ሲታይም ጎብኚው ለእነርሱ ያስታውቅ።

ምናልባት «የሰው ጓዳ ገብቶ መመርመር ነውር ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። ፈቃድ የሚጠየቁት የቤቱ ባለቤት አረጋዊው ራሳቸው ከሆኑ ግን፣ መጎብኘት ክብር እንጂ ነውር አይሆንም። ነውሩ ሰው በገዛ ቤቱ ውስጥ ተረስቶ ሲቆስል ነው።

በመጨረሻም እንደ እኔ ደመወዝ የምትበሉ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ መሥሪያ ቤታችን ሒሳባችንን በኦዲተር ያስመረምራል፤ አምስት ብር እንኳ ብትጎድል እንጠየቃለን። ለወላጆቻችን የምንልከውስ አምስት ብር አይሞላምን? ለምትጦርልን ሴት ደመወዝዋን በቀኑ እንክፈል፤ የምታርፍበትንም ቀን እንስጣት፤ በስልክ ስንደውል ደግሞ ስልኩ ለአባታችን ጆሮ ይሰጥልን። አደራ ጥብቅ ነው፤ ሰማይ ሩቅ ነው ይላሉ አባቶች።

አክባሪዎ
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከሐረር