ስለ ሕዋስ ክፍሎችና ስለ ወባ ትኩሳት

የሰው ገላ ከሕዋሳት የተሠራ መሆኑን ያልሰማ የለም፤ ሕዋስ ምን ምን ክፍል እንዳለው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። አማርኛ የሚማሩ አንባቢዎቻችን አስቀድመው እንዲያስተውሉ የምንሻው፥ ይህ ቃል ስለ አምስቱ የስሜት ሕዋሳት ስንናገርም የምንጠቀምበት መሆኑን ነው፤ የትኛው እንደ ተፈለገ ከዐረፍተ ነገሩ ይለያል።

እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1665 ቡሽን በአጉሊ መነጽር ቢመለከት የማር እንጀራ የመሰሉ ባዶ ክፍሎች አየ። ሕያው ሕዋስ ግን ባዶ አይደለም። ከውጭ የሚከበው ስስ ሽፋን የሚገባውንና የሚወጣውን ይመርጣል። በውስጡ ያለው አስኳል ከወላጆች የተወረሰውን የሥራ ትእዛዝ ይይዛል፤ ራይቦዞሞች በትእዛዙ መሠረት ፕሮቲን ይሠራሉ፤ ማይቶኮንድሪያ ከምግብና ከኦክስጅን ኀይል ያወጣሉ። እነዚህን የኀይል ምንጮች የምንወርሰው ከእናታችን መሆኑን እግረ መንገዳችንን እንጠቅሳለን።

ቀይ የደም ሕዋስ ግን ከዚህ ሥርዐት የወጣ ነው። በአጥንት መቅኔ ውስጥ ሲበስል አስኳሉን አውጥቶ ይጥላል፤ ማይቶኮንድሪያውንም ያጣል፤ ብረት ባለበት ሄሞግሎቢን ተሞልቶም ኦክስጅን ያመላልሳል። ትእዛዝ የሚቀበልበት አስኳል ስለሌለው አዲስ ፕሮቲን ሊሠራ አይችልም፤ ዕድሜውም 120 ቀን ያህል ነው።

የወባ ተውሳክ የሚገባው በዚህ ሕዋስ ውስጥ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ላቨራን በ1880 አልጄሪያ ውስጥ በሕመምተኛ ደም ላይ አየው። ቪቫክስ የተባለው ዐይነት ለመግባት በሽፋኑ ላይ ዳፊ የተባለ መያዣ ይፈልጋል። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ አብዛኛው ሕዝብ ይህ መያዣ ስለሌለው ቪቫክስ በዚያ እምብዛም አይታይም፤ በኢትዮጵያ ግን መያዣው ያላቸው ብዙዎች ናቸውና ቪቫክስም ብዙ ነው።

ተውሳኩ ከተራባ በኋላ፥ በ48 ሰዓት ገደማ፥ ሕዋሱን ያፈነዳዋል፤ ያን ጊዜ ልጁ ይንቀጠቀጣል፥ ትኩሳቱም ይነሣል። በማግሥቱ ሻል ሲለው ወላጆች ዳነ ብለው መድኀኒቱን ያቋርጣሉ። በእኛ አስተያየት ከዚህ የከፋ ስሕተት የለም፤ ያልሞተው ተውሳክ በሌላ ሕዋስ ገብቶ ይራባልና። ቪቫክስ ደግሞ በጉበት ሕዋሳት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሣ ይችላል፤ እርሱን የሚገድለው መድኀኒት በደም ውስጥ ያለውን ከሚገድለው የተለየ ስለሆነ፥ ሐኪም ሁለት ዐይነት ክኒን ቢያዝ አንዱ ትርፍ አይደለም። የጉበቱ ክኒን ግን የተወሰነ የውርስ ጕድለት ያለባቸውን ሰዎች ቀይ ሕዋሳት ያፈርሳልና፥ ለአንዱ ልጅ የታዘዘውን ለወንድሙ ማካፈል አይገባም።